አሥራ አንድ ጊዜ የተለካችው ሕፃን

ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው ሁሉ «ግራም» ነው የሚላት። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቀው በር ላይ የሚያስፈርመው ዘበኛ ብቻ ነበር፤ እሱም ረስቶታል።

ሥራዋ ገና ያልተወለዱ ሕፃናትን በአልትራሳውንድ መመዘን ነው። መመዘን ስል እንግዲህ ሚዛን ላይ አውጥቶ አይደለም፤ እናቱ ሆድ ውስጥ የተኛን ልጅ ማን ሚዛን ላይ ያወጣዋል? የጭንቅላቱን ዙሪያ፣ የሆዱን ዙሪያ፣ የጭኑን አጥንት ስክሪኑ ላይ በእጇ ክብና መስመር እየሳለች ትለካለች፤ ማሽኑ ደምሮ አባዝቶ «ይህን ያህል ግራም ሳይሆን አይቀርም» ይላታል። ልጁ ሦስት ኪሎ ከሆነ መቶ ግራም ወዲያ ወዲህ ቢባል ማንም አይሞትም። ከኪሎ በታች የሆኑት ሚጢጢዎች ናቸው ጣጣቸው። የእነሱ የሆድ ክብ በፀጉር ስፋት ከሰፋ ሃምሳ ግራም ከሰማይ ዱብ ይላል፤ በፀጉር ከጠበበ ደግሞ ሃምሳው ድራሹ ይጠፋል።

የግራም እጅ ግን እጅ ነው! ልጁ ተወልዶ ሚዛን ላይ ሲወጣ እሷ ካለችው ቢርቅ ሠላሳ ግራም ነው። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ፣ ተሞገሰች፣ ሙገሳውም አበላሻት። ከሥራ ወጥታም መመዘኗን አልተወችም። አትክልት መሸጫው ጋ ቆማ «ይሄንን ጎመን ነው ኪሎ የምትለው? ዘጠኝ መቶ አሥር ነው!» ትላለች፤ ሰውየው ከሩቅ ሲያያት ጎመኑን በጆንያ መሸፈን ጀመረ። የጎረቤቷን ድመት ብድግ አድርጋ «ይቺ ካለፈው ሳምንት መቶ ሃያ ጨምራለች፤ እርጉዝ ናት» አለች፤ ድመቷም አራት ወለደች። ይሄ እንኳን በደህና አለፈ። በደህና ያላለፈው የባሏ እናት ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ከዘመድ አዝማዱ ጋር ሊፍት ውስጥ ገብተው ሊፍቱ ከበደኝ ብሎ ሲጮህ፣ ግራም ሁሉንም በዓይኗ አንድ ዙር መዝና «እማማ እርስዎ ይውረዱ፤ ሰማንያ ሁለት ነዎት ከነጫማዎ» አለቻቸው። ሴትየዋ አምስት ፎቅ በእግራቸው ወጡ። ስድስት ወር አላናገሯትም። ቁጥሩ ግን ልክ ነበር።

ከእሷ ሌላ አንዲት ለኪ አለች፤ ቅጽል ስሟ «ቀናሿ»። እጇ ላይ ሕፃናት ሁሉ ይቀንሳሉ እየተባለች ትታማለች። «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት «ከትናንቱ ትንሽ ቀነስ ብዬ» ነው መልሷ። «ቀሚስሽ ሲያምር!» ቢሏት «ብብቱ ጋ ይጠባል» ትላለች። እናቶች ከእሷ ክፍል አኩርፈው፣ ከግራም ክፍል እየሳቁ ይወጣሉ፤ ግራምም ይሄ ነገር አይከፋትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ይላት ነበር።

ክፍሉ ሁለት ደንብ አለው። አንደኛው፣ ልጁ ባለፈው ስንት ግራም እንደነበረ የተጻፈበት ቦታ ካርዱ ላይ በፕላስተር ይሸፈናል፤ ለኪዋ ለክታ፣ የራሷን ቁጥር ጽፋ፣ ከፈረመች በኋላ ነው የሚላጠው። የድሮውን ቁጥር ያየ ሰው ሳያውቀው አዲሱን ወደሚፈልገው ይጎትተዋላ! ሁለተኛው፣ ማንም የገዛ ዘመዱን አይለካም። እነዚህን ደንቦች ማን ያወጣቸው ይመስላችኋል? ግራም ናት። በራሷ እጅ ጽፋ፣ ላስቲክ አስለብሳ፣ ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ የጣሰውን ሰው ሦስት ቀን የምትጨቀጭቀውም እሷው ናት።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታናሽ እህቷ ለክትትል መጣች። እርግዝናዋ ሃያ ዘጠኝ ሳምንት ሞልቶታል። ሴት ልጅ ናት። እኩዮቿ ኪሎን አልፈው ሲሄዱ ይቺ ገና ሰባት መቶዎቹ ውስጥ ትንፏቀቃለች። ዶክተሩ «ቆይ እስኪ» የሚባለው ነው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ለማንኛውም ጥያቄ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ ምሳ እንብላ ሲሉትም «ቆይ እስኪ» ይላል። ያን ጠዋት ግን ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠው።

«በእትብቱ በኩል የሚሄደው ደም ያጠራጥራል፤ ደህናም አይደለም፣ መጥፎም አይደለም። ስለዚህ የሚፈርደው ክብደቷ ነው። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት መቶ ሃምሳ ግራም ያህል ከጨመረች ምግብ እየደረሳት ነው ማለት ነውና ሆድ ውስጥ ትቆይ። ካልጨመረች ግን እየተራበች ስለሆነ ዛሬውኑ በኦፕራሲዮን እናወጣታለን።»

ዛሬ ከወጣች ከመዳፍ የማትበልጥ ልጅ በቱቦና በማሞቂያ ልትኖር ነው። ምግብ ሳይደርሳት ሆድ ውስጥ ብትቆይ ደግሞ እዚያው ጭልጥ ብላ ልትቀር ትችላለች። ቀልድ የለም እዚህ ላይ።

ደንቡ ደንብ ነውና ቀናሿ ለካች። ሰባት መቶ ሃምሳ። ፕላስተሩን ላጠች፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰባት መቶ ሃያ ነበረች። ሠላሳ ግራም ብቻ።

«አይሆንም!» አለች ግራም ኮሪደሩ ላይ ቁጥሩን ስትሰማ። «ይቺ ሴትዮ ዝሆንም ብታስተኙላት ትቀንሳለች!»

እህቷን «ነይ ሽንት ቤቱን ላሳይሽ» ብላ፣ አሥር ጊዜ የሄደችበትን ሽንት ቤት፣ ወደ ራሷ ክፍል አስገባቻትና በሩን ዘጋች። ሆዷ ላይ ጄሉን ዠቅ አድርጋ ለካች። ሰባት መቶ ስድሳ። ይሄማ ጽንሷ ዞር ብላብኝ ነው አለች። ደግማ ለካች። ሰባት መቶ አርባ አምስት። ሴትየዋ በዚህ ማሽን ላይ መተት አድርጋበታለች እንዴ? ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። እህቷ «እትዬ፣ ሆዴ በረደኝ» ብትላት «ዝም በይ፣ አትተንፍሺ!» አለቻት፤ ምስኪኗ ትንፋሿን ይዛ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ስድስተኛ። ዘጠነኛ። አሥራ አንደኛው ላይ ያቺ የሆድ ክብ ሰፋ፣ ፈታ፣ ደላ አለች፤ የቆዳውን ጠርዝ ይዛ በትንሹ ወደ ውጭ ወጣ ብላለች፤ ግን በጣም አታስታውቅም። ስምንት መቶ ሰማንያ!

«እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ ማሽኑን ሳመችው።

ቆይ እስኪ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «እህትሽ አይደለችም እንዴ?»

«ማሽኑ ዘመድ የለው ዶክተር!» አለች ግራም ዓይኗን በጨው አጥባ። ስለ አሥሩ ትንፍሽ አላለችም።

ቀናሿ ጥግ ላይ ቆማ፣ «የኔ ሰባት መቶ ሃምሳ ነው» አለች ቀስ ብላ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ መጨመር መቼ ታውቃለች።

ዶክተሩ ወደ አንዷ አየ፣ ወደ ሌላዋ አየ። አንደኛዋ አሥር ዓመት ያልሳተች ናት። «እሺ ቆይ እስኪ» አለ፣ «ስምንት ሰማንያ ከሆነች ትቆይ። የዛሬ ሳምንት ትምጣ።» እህትየዋ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ግራምን አቅፋ «ወፍራለች በያ! ልጄ ወፍራለች በያ!» እያለች ከበር እስከ በር ዘለለች፤ የሃያ ዘጠኝ ሳምንት እርጉዝ ዝላይ መዝለል ከተባለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ግራም እህቷ ቤት ሄደች። የእህቷ ባል ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ከፊት ዳቦ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ። ሚስቱ ጓዳ ጋደም ብላ ታንኮራፋለች። እሱ ግን እስከ ቅንድቡ ዱቄት ሆኖ፣ በሕፃን ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር ታቅፎ እሹሩሩ ይላል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ግራም።

«ልጄ ናታ!» አለ ጋጋሪው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ። ሊጥ ነው። ልሙጥ፣ ነጭ፣ ለብ ያለ ሊጥ። በየጠዋቱ፣ ሐኪም ቤት መጨረሻ የተነገረውን ግራም ያህል ሊጥ መዝኖ ያቦካል፤ ልጅ መያዝ ይልመድብኝ ብሎ ነው። ቀኑን ሙሉ ይታቀፈዋል፣ ያዋራዋል፣ ማታ ይጋግረውና «የልጄን ዳቦ ሰው አይበላውም» ብሎ ብቻውን ይበላዋል። እንደ አባት ሲታይ ግር ይላል፤ ግን ምን ይደረግ።

«እትዬ፣ ተአምር ልንገርሽ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄንን ያቦካሁት ጠዋት ነው፤ በዱሮው ቁጥር፣ በሰባት መቶ ሃያ። አሁን እዪው! ልክ እንደ ልጄ ስምንት መቶ ሰማንያ ገብቷል!»

ሊጡ በእርግጥ ኩፍ ብሏል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት ጋግረህ! ኩፍ ያለ ሊጥ ግራም ይጨምራል እንዴ?»

«አውቃለሁ» አለ ጋጋሪው ቅር ብሎት። «ለሌላው ሊጥ አይጨምርም። ይሄኛውን ግን ራስሽ እዪው።» ሊጡን በቀስታ፣ አንገቱን ደግፎ፣ የዳቦ ቤቱ ሚዛን ላይ አስተኛው። ቁጥሩ ዘለለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ረጋ። ስምንት መቶ ሰማንያ።

ግራም ሚዛኑን አየች። ቀጥሎ ሊጡን አየች። ዓይኗ ደግሞ ማን ሆነና! «ሰባት መቶ አሥራ አምስት ነው ይሄ» አለች። «ጣትህ እዚያ ምን ይሠራል?»

«የቱ ጣቴ?»

«ትንሿ። ከጨርቁ ስር ያለችው።»

ጋጋሪው እጅ ከፍንጅ ተያዘ። «እየደገፍኳት ነዋ! እንዳትወድቅ።»

«አንሳው።»

«ትንሽ እኮ ነው የተጫንኩት።»

«አንሳው አልኩህ!»

አነሳው። ቁጥሩ ሽው ብሎ ወርዶ ሰባት መቶ አሥራ አምስት ላይ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ሳልነካው ነበር የመዘንኩት» አለ ጋጋሪው አንገቱን ደፍቶ። «ሰባት መቶ አሥራ አምስት ሲለኝ ደገምኩት። አሁንም ያንኑ አለኝ። ደጋግሜ ደጋግሜ መጨረሻ ላይ… የራሴ ልጅ አይደለች? የራሴን ልጅ ትንሽ ብደግፍ ማንን ጎዳሁ?»

ግራም የወረደውን ቁጥር አየች።  ያቺ አሥራ አንደኛዋ ክብ ዓይኗ ላይ ድቅን አለችባት፤ ከቆዳው ጠርዝ ወጣ ብላ፣ ፈታ ብላ፣ ደልቷት። ከመለካቷ በፊት ቁጥሩን ሰምታ፣ የምትፈልገውን አውቃ፣ እስክታገኘው ድረስ የለካችው እሷ ናት። ጋጋሪው የተጫነው ሊጥ ነው። እሷ የተጫነችው ግን ጓዳ ውስጥ ያለችውን ልጅ ነው፤ እየተራበች ያለችውን ልጅ «ጠግባለች» ብላ ፈርማባታለች።

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። «ተነሺ! ተነሺ እንሂድ!»

«የት?» አለች እህቷ ዓይኗን እያሸች።

«ሐኪም ቤት። የረሳሁት ነገር አለ።»

«ምን ረሳሽ?»

«ሥራዬን!» አለችና ጫማዋን ግራና ቀኝ አዟዙራ አጠለቀችላት። ጋጋሪውም ሱቁን ለደንበኞቹ ጥሎ ከነሽርጡ ተከተላቸው፤ ድንጋጤ ነውና ሊጡን ማስቀመጥ ረሳ።

ቆይ እስኪን ኮሪደር ላይ አገኙት። ግራም ሰው ሁሉ እየሰማት፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ ያለችው ይሄን ነው፦

«ዶክተር፣ ያ ስምንት መቶ ሰማንያ ክብደት አይደለም፤ ምኞቴ ነው። አሥራ አንዴ ለክቼ አሥሩን ደብቄ ትልቁን ነው የሰጠሁዎት። የሷ ነው ልክ» ብላ በአገጯ ወደ ቀናሿ ጠቆመች። 

ዶክተሩ አልተቆጣም፤ ለቁጣ ጊዜ አልነበረውም። ድጋሚ ይለካ አለ። ቀናሿ የስክሪኑን ጥግ፣ ቁጥሩ የሚወጣበትን፣ በፕላስተር ሸፈነችው። ግራም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የራሷን ደንቦች ከአፍንጫዋ ሥር እያየች፣ የእህቷን እግር ጨምቃ ይዛ ቆመች። ሦስት ጊዜ ብቻ ተለካ።   ፕላስተሩ ተላጠ፤ ሰባት መቶ ስድሳ። ተጻፈ። ተፈረመ።

«ዛሬ» አለ ዶክተሩ። «አሁን።»

ቆይ እስኪ «አሁን» ሲል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና ነርሶቹ ለአንድ አፍታ ማን እንደተናገረ ለማየት ወደ ኋላ ዞሩ። ከዚያ ግን አልጋው በረረ።

ግራምና ጋጋሪው ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ቀሩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋጋሪው ጥቅሉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞታል። ኮሪደሩ ሞቃት ነው፤ ሊጡም በሙቀቱ ተደስቶ ኩፍ ማለቱን ቀጥሏል። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ጠጋ አሉ።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ ልጄ! ውይ ሲያሳዝን፣ ድምፁም የለ!» ብለው በጨርቁ ላይ ጎንበስ አሉ። «ቁርጥ አባቱን!» ጉንጩን ሊነኩ ጣታቸውን ሰደድ ቢያደርጉ ጣታቸው እስከ አንጓው ገባና ተሙለጭልጮ ከሊጥ ጋር ወጣ። ያወጡት ጩኸት ሦስት ፎቅ ተሰማ። ጋጋሪው «ሊጥ ነው እማማ! ሊጥ ነው!» እያለ ሊያረጋጋቸው ሲሮጥ፣ ጥቅሉ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ አለ። ግራም ሳቅ አመለጣት፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረና እሷም ራሷ የቱን እያደረገች እንደሆነ አላወቀችም።

እነሱ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ሊጥ ሲፍቁ ነው ከበሩ ጀርባ ያ ድምፅ የተሰማው። ከድመት ግልገል የቀጠነ ድምፅ ነው፤ ግን ተቆጥቷል፣ በጣም ተቆጥቷል። ጋጋሪው በሁለት ሊጣም እጁ ጭንቅላቱን ያዘ።

ቀናሿ ቀድማ ወጣች። «ሰባት መቶ ስድሳ አምስት» አለች። «ጠዋት አሥራ አምስት አሳንሼባታለሁ። ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃታለሁ።» ይሄን ስትል ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ አለ፤ ፈገግታ ነው የሚሉ አሉ። ግራም ብድግ ብላ ከነሊጧ አቀፈቻት። ቀጥሎም ዶክተሩ ወጣ፤ እትብቱ ከመቅጠኑ የተነሳ ገመድ እንኳን አይባልም፣ ክር ነው አለ። የዛሬ ሳምንት ቢሏት እስከዚያ የምትቆይ ልጅ አልነበረችም።

በማግስቱ ጠዋት ግራም የእህቷን አልጋ ጠርዝ ይዛ ተቀመጠች። ልጅቷ ማሞቂያው ውስጥ ናት፤ ከወገቧ በታች የሚሸፍናት ዳይፐር ትልቅ ሆኖ እስከ ብብቷ ደርሷል። ነርሶቹ እየተነፈሰች ነው፣ ደህና ናት፣ ግን ገና ብዙ ሳምንት አለ ብለዋል። ግራም ሌሊቱን ስትለማመደው ያደረችው ንግግር ነበራት፤ ረስታዋለች።

«ዋሸሁሽ» አለች ብቻ። «በልጅሽ ላይ ዋሸሁ። በመቶ አሥራ አምስት ግራም።»

  

«ታውቂያለሽ» አለች እህቷ ጣሪያውን እያየች፣ «ካረገዝኩበት ቀን ጀምሮ እንደ ትናንት ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም። በየቀጠሮው ትንሽ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ትንሽ ናት። ትናንት ግን ለግማሽ ቀን ወፍራም ልጅ ነበረችኝ። ቤት ገብቼ እንቅልፍ ወሰደኝ እኮ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።» እጇን ዘርግታ የግራምን እጅ ያዘች፤ ያዘችና እስኪያማት ድረስ ቆነጠጠቻት። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊኝ። ያለችውን ነው የምፈልጋት።»

«እሺ» አለች ግራም እያለቀሰች።

«አሁን ሂጂና እያት። ጡት ማለቢያ እስኪያመጡልኝ ድረስ ብቻዋን አትሁን።»